ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በ1952 የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ባለንብረቱ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነድተው የገዙት፣ ልጆቻቸውንም ያሳደጉበት ነው። አሁን ከሚስታቸው ጋር ደረጃ ወደሌለው አፓርታማ ተዛውረዋል። ቤቱን የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ቫውቸር ላላት የሁለት ልጆች እናት ለማከራየት ተስማምተዋል፤ እሷ ለጊዜው ከልጆቿ ጋር በመጠለያ ነው ያለችው። የቀረው የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ፍተሻ ነው። አብራቸው ቤቱን የምትዞረው ሴት ቤቶችን ለዚህ ፍተሻ የምታዘጋጅ የጥገና ባለሙያ ናት። በዚህ አካባቢ ወገኖቻችን በአከራይነትም በተከራይነትም ስላሉበት ጉዳዩን በምልልስ አቅርቤዋለሁ።

አከራዩ፦ ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እንዳየሽው ኩሽናውን አዲስ ካቢኔ አስገብቼበታለሁ። ቀለም ሠሪው ሐሙስ ይመጣል። ኢንስፔክተሩ ገና ከበር ሲገባ ደስ እንዲለው ነው የምፈልገው።

ባለሙያዋ፦ ካቢኔው በጣም ያምራል ጋሼ። ግን ኢንስፔክተሩ ስለ ማማሩ የሚሞላው ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ምንጣፉ ቢያረጅ፣ የግድግዳው ቀለም ቢደበዝዝ ግድ አይሰጠውም። የሚያየው ይህ ቤት የሚኖርበትን ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ነው። ቀለም ሠሪውን ለጊዜው ያቆዩልኝ።

አከራዩ፦ ለምን? ዋናው እሱ አይደለም እንዴ?

ባለሙያዋ፦ ስንዞር ያዩታል። ብዙ አከራይ ገንዘቡን በሚታየው ላይ ይጨርስና በማይታየው ይወድቃል። አንዳንዱን ቤት ደግሞ ቀለሙ ራሱ ነው የሚጥለው።

አከራዩ፦ እስቲ ከመዞራችን በፊት አሠራሩን አስረጂኝ። ሰው ሁሉ ሴክሽን ኤይት፣ ሴክሽን ኤይት ይላል። አንዱ "ገንዘቡ በወሩ መጀመሪያ ከች ይላል" ይለኛል፤ ሌላው "ቤትህን ያፈርሱታል" ይለኛል።

ባለሙያዋ፦ ስሙ የመጣው ከቤቶች ሕግ አንቀጽ 8 ነው፤ ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1974 ነው። ሀድ የሚባለው የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ለየአካባቢው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ይሰጣል። በአገሩ በሙሉ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች በዚህ ቫውቸር ይኖራሉ። ተከራይዋ ብዙውን ጊዜ ከተጣራ ገቢዋ 30 በመቶ ገደማ ትከፍላለች፤ የቀረውን ጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ለእርስዎ ያስገባል። ግን አስቀድሞ ሁለት ነገር ያረጋግጣል። አንደኛው፣ የጠየቁት ኪራይ በአካባቢው ካሉ መሰል ቤቶች ጋር ሲተያይ ተገቢ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ቤቱ ፍተሻውን ማለፉን።

አከራዩ፦ ኪራዩን ዝቅ ካደረጉብኝስ? ልዩነቱን እሷ በእጄ ብትሰጠኝ...

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እሱን አያስቡት! ከተፈቀደው ኪራይ በላይ ከተከራይ መቀበል ማጭበርበር ነው። ገንዘቡን ያስመልስዎታል፣ ከፕሮግራሙም ያስወጣዎታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልዩነቱን የምትከፍለው ከልጆቿ ጉሮሮ ነጥቃ ነው። ኪራዩ አነሰኝ ካሉ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ይደራደሩ፤ የጎረቤት ቤቶች ስንት እንደተከራዩ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ።

አከራዩ፦ ይቅርታ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። እህቴም ቫውቸር አላት፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ለእሷ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ለእህት አይፈቀድም። ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለአያት፣ ለልጅ ልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ማከራየት በደንቡ የተከለከለ ነው፤ አካል ጉዳት ላለበት ሰው ካልሆነና ጽሕፈት ቤቱ አይቶ ካልፈቀደ በቀር። "ቤት ያፈርሳሉ" የሚለውን ወሬ ግን ይተዉት። ተከራይ የመምረጥ መብትዎ እንዳለ ነው፤ የድሮ አከራይዋን መጠየቅ፣ ዲፖዚት መቀበል ይችላሉ። ማድረግ የማይችሉት በቫውቸር ስለምትከፍል ብቻ አላከራይም ማለት ነው። ሜሪላንድ ይህን በ2020 በሕግ ከልክላለች። በሉ ከታች እንጀምር።

ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ከታች መጀመር የእሷ ልማድ ነው። ብዙ ሰው ሳሎኑን አሳምሮ ቤዝመንቱን ዘግቶ ይተወዋል፤ እሳትም ሆነ መርዛማ ጋዝ ግን ከዚያ፣ ከውሃ ማሞቂያውና ቤቱን ከሚያሞቀው ፈርነስ አጠገብ ሊነሳ ይችላል።

ባለሙያዋ፦ መብራቱ አለ፤ ጋዙስ?

አከራዩ፦ ሰው ስለሌለ አስዘግቼዋለሁ። በከንቱ ለምን ይቁጠርብኝ?

ባለሙያዋ፦ ነገ ያስከፍቱት። በፍተሻው ቀን ውሃውም፣ መብራቱም፣ ጋዙም መሥራት አለባቸው። ምድጃው ሳይነድ፣ ሙቅ ውሃ ሳይወርድ፣ ፈርነሱ ሳይነሳ ኢንስፔክተሩ ምን አይቶ ያሳልፋል? ሌላ ቀጠሮ ይሰጥዎታል፤ እሷ በመጠለያ የምታድርበት ቀን ይጨመራል። እዚህ ይዩ፣ የውሃ ማሞቂያው ጎን ላይ ያለችው ቫልቭ። ውስጡ ያለው ሙቀትና ግፊት ከልክ ሲያልፍ የምታስተነፍሰው እሷ ናት። ከእሷ የሚወርደው ቱቦ የት አለ?

አከራዩ፦ ቱቦ ነበረው እንዴ?

ባለሙያዋ፦ ነበረው፤ አንድ ሰው አውልቆታል። ያለ ቱቦ ይህች ቫልቭ ብትከፈት የፈላው ውሃ አጠገቧ የቆመውን ሰው ፊት ላይ ነው የሚያገኘው። ቱቦው ወደ ወለሉ መውረድ አለበት፤ በአዲሱ መስፈርት ጫፉ ከወለሉ ከ2 ኢንች ያላነሰ፣ ከ6 ኢንች ያልበለጠ ርቀት ላይ ሲቆም ነው ልክ የሚሆነው። ዋጋው ኢምንት ነው። ካቢኔው ስንት ፈጀ?

አከራዩ፦ እሱን አታንሺብኝ።

ባለሙያዋ፦ ይኼኛው ክፍል ደግሞ ምንድን ነው? አልጋ አያለሁ።

አከራዩ፦ የመጨረሻው ልጄ እዚህ ነበር የሚተኛው። አራተኛ መኝታ ቤት ብዬ ልቆጥረው አስቤያለሁ።

ባለሙያዋ፦ አይቁጠሩት። መስኮቷን ይመልከቱ፤ ከፍ ብላ፣ ጠባብ ናት። ደረጃው ላይ እሳት ቢነሳ እዚህ የተኛ ልጅ በእሷ ሊወጣ አይችልም። መኝታ ቤት የሚባለው ክፍል ሰው የሚያወጣ መስኮት ይፈልጋል፤ ልኩን የሚወስነው የአካባቢው የግንባታ ደንብ ነው። መስኮት ማስፋት ከፈለጉ በካውንቲው ፈቃድ፣ በባለሙያ ይሠራል፤ አሁን ግን ማከማቻ ያድርጉትና አልጋውን ያውጡት። የኪራይ ላይሰንስስ አውጥተዋል?

አከራዩ፦ እሱን አውጥቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ ጎሽ። የካውንቲው ላይሰንስና የቫውቸሩ ፍተሻ ለየቅል ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ብሬከር ሳጥኑን ከፍታ አየች። ብሬከር ተነቅሎ ክፍት የቀረ አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ጣት በቀላሉ ያስገባል። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ወደ ላይ ወጡ። ሳሎን ውስጥ ከኪሷ ሦስት መብራት ያላት ትንሽ መሞከሪያ አውጥታ ሶኬት ላይ ሰካች።

ባለሙያዋ፦ ኑ ጋሼ፣ ቀረብ ብለው ይዩ። ሦስት መብራት አላት፤ የበራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ልክ ቢሆን ሁለቱ ይበሩ ነበር።

አከራዩ፦ ይህ ሶኬት እኮ ደህና ይሠራል። ቴሌቪዥን እዚሁ ነበር የምንሰካው።

ባለሙያዋ፦ መሥራቱንማ ይሠራል። በ1952 ቤቱ ሲሠራ ሶኬቶቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነበሩ፤ ከኋላቸው ግራውንድ ሽቦ አልነበረም። በኋላ ላይ አንድ ሰው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ለወጠበት። ፊቱ ተቀየረ እንጂ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ አልተቀየረም። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ባዶ ናት፤ ከለላ አለኝ ብሎ የሚሰካውን ሰው ታታልለዋለች። ባረጁ ቤቶች ውስጥ እንደዚህ የሚጥል ነገር አላየሁም፤ ለዚህ ነው መሞከሪያዋን ሁልጊዜ የምይዘው።

አከራዩ፦ ታዲያ ግድግዳውን ላፍርሰው?

ባለሙያዋ፦ አያስፈልግም። ሦስት መንገድ አለ። ግራውንድ ሽቦ ማስገባት አንዱ ነው፤ ውድ ነው። ወይ ወደ ባለ ሁለት ቀዳዳው መመለስ። ወይ ደግሞ መስመሩን መሞከሪያና መመለሻ ቁልፍ ባለው፣ ጂ ኤፍ ሲ አይ በሚባለው ሶኬት ማስጠበቅና ግራውንድ እንደሌለው የሚገልጽ ምልክት መለጠፍ። እሱ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲፈስ ወዲያው ይቆርጠዋል። እኔ ለዚህ ቤት የምመርጠው የመጨረሻውን ነው። ግን ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ ይህ የእኔም የእርስዎም ሥራ አይደለም። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከውሃ በ6 ጫማ ርቀት ውስጥ ያሉትንም አብሮ ይለውጣቸው። የተሰነጠቁ የሶኬት ሽፋኖችን ግን እርስዎ ራስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሷቸዋል።

አከራዩ፦ ቅድም አዲሱ መስፈርት ብለሽ ነበር፤ የድሮውም አለ ማለት ነው። በየትኛው ነው የሚፈትሹኝ?

ባለሙያዋ፦ ሀድ በ2023 ኢንስፓየር የሚባል አዲስ መስፈርት አውጥቷል። ለቫውቸር ቤቶች የሚጀምርበትን ቀን ግን ደጋግሞ አራዝሞታል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ዛሬ በየትኛው እንደሚሠራ ደውለው ይጠይቁ። እኔ ሁልጊዜ የማዘጋጀው በጠበቀው ነው። በጠበቀው ያለፈ ቤት በላላው አይወድቅም።

አከራዩ፦ የጭስ ማንቂያ እንኳ አለኝ፤ ያውና ኮሪደሩ ላይ።

ባለሙያዋ፦ አየሁት፤ ከነቀለም ቅቡ። ያለፈው ቀለም ሠሪ ሮለሩን ሲያሳልፍበት ጭስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል። ላውርደው... ይኸው፣ ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፤ 2009 ይላል። የጭስ ማንቂያ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ይጮህ ይሆናል፤ ጭሱን ግን ላያሸተው ይችላል።

አከራዩ፦ እኛ ከነሚስቴ እዚህ ሥር ስንተኛ ኖረናል ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ እግዜር ጠብቋችኋል። ኮንግረስ በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በድጎማ የሚከራይ ቤት ማንቂያው ወይ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ፣ ወይ 10 ዓመት የሚቆይ የታሸገ ባትሪ ያለው መሆን አለበት። ባትሪው ታሽጎ እንዲሠራ የተፈለገው ለሪሞት ተብሎ እንዳይወጣ ነው። በየፎቁ፣ ቤዝመንቱንም ጨምሮ፣ በየመኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቶቹም ውጪ ይግባ። ጋዝ ስላለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ያስፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይቀራል።

መኝታ ቤት ገቡ። መስኮቱን ልትከፍት ሞከረች፤ አልነቃነቅ አለ። በተደጋጋሚ ቀለም ተደራርቦበት ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ደፉ ላይ ያለው ቀለም ተሰነጣጥቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል። ከሥሩ ነጭ ብናኝ አለ።

ባለሙያዋ፦ ቀለም ሠሪውን ያቆዩልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሐሙስ መጥቶ ምን ሊያደርግ ነበር?

አከራዩ፦ ይህንን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አስተካክሎ ሊቀባው ነዋ።

ባለሙያዋ፦ በደረቁ ፍቆ! አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም ያገደችው በ1978 ነው። ይህ ቤት የ1952 ነው። ሥር ያለው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላልና ካልተመረመረ እንዳለው ቆጥሬ ነው የምነካው። በደረቁ ቢፋቅ ብናኙ ቤቱን በሙሉ ይሞላዋል፤ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። የተከራይዋ ትንሽ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?

አከራዩ፦ አራት ይመስለኛል።

ባለሙያዋ፦ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲኖር ደንቡ ይጠብቃል፤ ምክንያት አለው። ልጅ መስኮት ሥር ይቆማል፣ እጁን ደፉ ላይ ያደርጋል፣ ያንኑ እጅ አፉ ይከታል። እርሳስ የሕፃን አእምሮን ይጎዳል፤ ከጎዳው በኋላ ደግሞ መድኃኒት ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

አከራዩ፦ ልጆቼን እኮ ያሳደግኳቸው እዚሁ ነው። አንዳቸውም አልታመሙም።

ባለሙያዋ፦ ተመስገን ጋሼ። ያኔ ቀለሙ አልተነሳም ይሆናል። አሁን ተነስቷል፤ የምትገባው ልጅ የምታገኘው የአሁኑን ነው።

ትንሽ ዝም አሉ። ሽማግሌው ደፉን በጣታቸው ሊነኩት ብለው እጃቸውን መለሱ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ስለ ወጪ ይከራከራል፤ እሳቸው አልተከራከሩም።

አከራዩ፦ እሺ፣ እንዴት ይደረግ?

ባለሙያዋ፦ በሜሪላንድ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመዝገብና የእርሳስ ምርመራ ሰርተፍኬት ማግኘት አለበት። ቫውቸር ኖረም አልኖረም። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው መርማሪ ይምጣ፤ ምናልባት እርሳስ የለም ይልዎታል፤ ያኔ ተገላገልን። ካለ ደግሞ ሥልጠናውን የወሰደ ሠራተኛ ወለሉን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ቀለሙን እያራሰ ይፍቃል፣ ብናኙን በልዩ መምጠጫ ያነሳል፤ ሲጨርስ ወለሉና ደፉ ተጠርጎ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። መስኮቶቹን አውልቆ በአዲስ መተካት ከቻሉ እሱን እመርጣለሁ። እያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ቀለሙን እየፋቀ ብናኝ ያወርዳልና። ያኔ መከፈት አለመከፈቱም፣ መቆለፊያውም አብሮ ያልቃል።

አከራዩ፦ ቀለም ሠሪው ይህን ያውቃል ብለሽ ታስቢያለሽ?

ባለሙያዋ፦ ይጠይቁት። ሰርተፍኬቱን ያሳይዎት። ከሌለው ሌላ ሰው እንፈልጋለን።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ምድጃው ጋዙ ሲከፈት አራቱም እሳት መንደድ አለባቸው፤ አንዱ መክፈቻ ጠፍቷል። የፍሪጁ ላስቲክ ደህና ነው። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስለሌለው የአየር ማውጫው ፋን መሥራት ነበረበት፤ ይጮኻል እንጂ አየር አይስብም። ሽንት ቤቱን ከወለሉ ጋር ያሰረው ብሎን ላልቷል። የኋላው በር ላይ ከውስጥም በቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ አለ፤ ሌባ ከገባባቸው በኋላ ያስገቡት ነው።

ባለሙያዋ፦ ይህን አውልቀው ከውስጥ በእጅ የሚዞር ያስገቡ። በጭስ ውስጥ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አይወጣም።

አከራዩ፦ ሌባውስ?

ባለሙያዋ፦ ጠንካራ በርና ጥሩ መቀርቀሪያ ሌባውን ይመልሳል። የኋላው ደረጃም ስድስት እርከን አለው፤ መደገፊያ ግን የለውም። ከአራት ጀምሮ ግዴታ ነው።

አከራዩ፦ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህን ሁሉ ሳስበው ቤቱን እንዳለ ለሌላ ሰው ባከራየው አይሻለኝም? ያኛው አይፈትሽም።

ባለሙያዋ፦ ያኛውም ልጅ ይዞ ይመጣል ጋሼ። ከነገርኩዎት ውስጥ ለወረቀት ተብሎ ብቻ የሚሠራ የትኛው ነው? የሚያቃጥለው ውሃ፣ ባዶዋ ቀዳዳ፣ የታፈነው ማንቂያ... ፍተሻው ባይኖር እርስዎ እነዚህን መቼ ያውቋቸው ነበር? እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። ተከራይ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚጎድለው አያውቅም፤ ቢያውቅም ቤት እንዳያጣ ፈርቶ አይናገርም። በእሱ ምትክ ገብቶ የሚያይ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

አከራዩ፦ እሺ። ቅደም ተከተሉን ንገሪኝ።

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ የእርሳስ መርማሪው፤ ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ፤ ከዚያ ቧንቧውና መስኮቶቹ። ቀለም መጨረሻ ነው። ሲቀባም ሶኬት፣ ማንቂያና የመስኮት ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ። በፍተሻው ቀን እርስዎ ራስዎ ይገኙ፤ ትርፍ አምፖል፣ የሶኬት ሽፋንና ብሎን መፍቻ ይያዙ።

አከራዩ፦ ካላለፍኩስ?

ባለሙያዋ፦ የጎደለውን ጽፎ ይሰጥዎታል፤ አርመው እንደገና ያስፈትሻሉ። አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ለሕይወት የማያሰጋ ጉድለት ከሆነ ተከራይ ገብቶ በ30 ቀን እንዲታረም ይፈቅዳሉ፤ እርስዎ ግን በዚያ አይተማመኑ። በብዙ ቦታ ፍተሻው ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ይደገማል። ተከራይዋ ከገባች በኋላም ቅሬታ ካቀረበች ይመጣሉ። ያኔ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ30 ቀን መታረም አለበት። ካልታረመ የጽሕፈት ቤቱ ክፍያ ይቆማል፤ የቆመውንም ከእሷ መጠየቅ አይችሉም።

አከራዩ፦ በ24 ሰዓት? ሌሊት ፈርነሱ ቢቆም እኔ አሁን በዚህ ዕድሜዬ...

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ነው ከአሁኑ መወሰን ያለበት። ስልኩን የሚያነሳው ማነው?

አከራዩ፦ ትልቁ ልጄ ቅርብ ነው ያለው። እሱ ያነሳል።

ባለሙያዋ፦ ጠይቀውታል?

አከራዩ፦ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።

ባለሙያዋ፦ እሺ ካለ ቁጥሩን ለተከራይዋም ለጽሕፈት ቤቱም ይስጡ፤ የቧንቧ ሠራተኛውንና የኤሌክትሪሺያኑን ስልክ ደግሞ ለእሱ። እኔ መርማሪውን ለነገ ጠዋት እቀጥረዋለሁ፤ እርስዎ ጋዙን ያስከፍቱ።